ንግሥቲቱን የሠዋ መሐንዲስ
(በለንደን ከተማ በ1905 ዓ.ም. ስለ ተደረገ አንድ የሰንጠረዥ ጨዋታ)

ሰው ከሥራው በተረፈው ጊዜ ምን እንደሚሠራ ቢጠየቅ፥ ስለ ጠባዩ ከሥራው ይልቅ ብዙ ሊነገርበት ይችላል። ሥራ ግዴታ ነው፤ አለቃ ይቈጣጠረዋል፥ ደመወዝ ይከተለዋል። በትርፍ ጊዜ የሚሠራው ግን ማንም ሳያዝዘው ወዶ የሚሠራው ስለ ሆነ፥ የሰውየው እውነተኛ መልክ የሚታየው በዚያ ነው። ፈረንጆች አንድን ነገር ለእንጀራ ሳይሆን ስለ ፍቅር ብቻ የሚሠራውን ሰው «አማተር» ይሉታል። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «ወዳጅ፥ አፍቃሪ» ማለት ነው። ዛሬ ግን በብዙ ሰው አፍ «አማተር» ሲባል «ያልበሰለ፥ ያልሠለጠነ» ለማለት ሆኖ ይሰማል። ይህ አነጋገር ትክክል እንዳልሆነ ለማስረዳት፥ ሁለት አማተሮች የተጫወቱትን አንድ የሰንጠረዥ ጨዋታ ለአንባቢዎቻችን ልንተርክ አሰብን። ጨዋታው ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የዓለም የሰንጠረዥ መጻሕፍት ግን እስከ ዛሬ ድረስ ያትሙታል።

ሁለቱ ሰዎች

ጊዜው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ኦክቶበር 29 ቀን 1912፥ እንደ እኛ ጥቅምት 19 ቀን 1905 ዓ.ም. ነው። በአገራችን ዐፄ ምኒልክ በሕይወት ነበሩ። ስፍራው በእንግሊዝ አገር፥ በለንደን ከተማ የሚገኝ አንድ የሰንጠረዥ ክበብ ነው። ጨዋታው ሽልማት ያለበት ውድድር አልነበረም፤ አንድ እንግዳ ወደ ክበቡ ሲመጣ ከነባር አባል ጋር የሚጫወተው የወዳጅነት ጨዋታ ነበር።

እንግዳው ኤድዋርድ ላስከር ይባላል። በዚያ ቀን ሃያ ሰባት ዓመት አልሞላውም። የተወለደው በዚያን ጊዜ የጀርመን፥ ዛሬ ግን የፖላንድ ግዛት በሆነችው በኬምፐን ከተማ ነው። በበርሊን አጠገብ በሻርሎተንቡርግ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት መሐንዲስነት ተምሮ፥ ወደ ለንደን የመጣው አንድ የጀርመን የኤሌክትሪክ ኩባንያ ለሥራ ልኮት ነው። የእንግሊዝ ቋንቋ ገና አያውቅም ነበር። በስሙ የተነሣ ብዙ ሰው የሚያሳስተው አንድ ነገር አለ፤ በዚያን ጊዜ የዓለም የሰንጠረዥ ሻምፒዮን የነበረው ኤማኑኤል ላስከር ሌላ ሰው ነው።

ነባሩ አባል ጆርጅ ቶማስ ነው። በ1881 በቁስጥንጥንያ አጠገብ የተወለደ፥ ከአባቱ የባላባትነት ማዕርግ የወረሰና «ሰር» እየተባለ የሚጠራ እንግሊዛዊ ነው። እናቱ ወይዘሮ ኢዲት ቶማስ በ1895 በሄስቲንግስ ከተማ በተደረገው የሴቶች የሰንጠረዥ ውድድር አንደኛ የወጡ ስለ ነበሩ፥ ጨዋታውን በቤቱ ውስጥ ሲያይ አድጓል ማለት ይቻላል። ሰር ጆርጅ በሰንጠረዥ ብቻ ሳይሆን በባድሚንተን ጨዋታም ስመ ጥር ነበር።

እንግዲህ አንዱ በደመወዙ የሚኖር ወጣት መሐንዲስ፥ ሁለተኛው ባለ ርስት ጨዋ፤ አንዱ የሌላውን ቋንቋ የማይሰማ። ሁለቱ የሚግባቡበት ቋንቋ በመካከላቸው የተዘረጋው ስድሳ አራት ቤት ያለው ሰሌዳ ብቻ ነበር።

የንግሥት ወታደር አከፋፈት

ላስከር ነጩን ያዘ። በመጀመሪያው እርምጃ በንግሥቲቱ ፊት የቆመውን ወታደር ሁለት ቤት ወደ ፊት ገፋ። ይህ «የንግሥት ወታደር አከፋፈት» የሚባለው ነው።

አንባቢ ሆይ፥ በሰንጠረዥ ብዙ ያልተለማመድህ ብትሆን፥ ይህ እርምጃ በንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ከመግፋት በምን እንደሚለይ ሳትጠይቅ አትቀርም። የንጉሡ ወታደር በተገፋ ጊዜ ጠብ ቶሎ ይነሣል፤ መንገዶች ወዲያው ይከፈታሉ፥ ገና በአምስተኛውና በስድስተኛው እርምጃ ደም ሊፈስ ይችላል። ከዚህም በላይ ወደ ሰሌዳው መካከል የወጣው ያ ወታደር ከኋላው ጠባቂ የለውም። የንግሥቲቱ ወታደር ግን ንግሥቲቱ ራስዋ ከኋላው ቆማ ትጠብቀዋለች። የሰሌዳውን መካከል ይይዛል፥ ለአንዱ ጳጳስ መንገድ ይከፍታል፥ ጠቡ ግን ቀስ ብሎ ይበስላል። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለዚህ አከፋፈት የተነገረ ይመስላል። ስለዚህ ብዙ ሰዎች የትዕግሥተኞች አከፋፈት አድርገው ይቈጥሩታል። የምንተርከው ጨዋታ ግን ትዕግሥት ያለው አከፋፈት እንዴት ያለ እሳት በውስጡ ሊሸሽግ እንደሚችል ያሳያል።

ቶማስ የመለሰው «የሆላንድ መከላከያ» በሚባለው ሥርዓት ነው። ይኸውም በንጉሡ አጠገብ ባለው ጳጳስ ፊት የቆመውን ወታደር ሁለት ቤት መግፋት ነው። ጥቅሙ ነጩ በሰሌዳው መካከል ሁለተኛ ወታደር እንዳያቆም መከልከሉ ነው። ጉዳቱ ግን የራስን ንጉሥ ከሚከልለው አጥር አንዱን እንጨት ነቅሎ ወደ ሜዳ መውሰዱ ነው። አጥቂ መሆን የሚወድ ተጫዋች ይህን መከላከያ ይመርጣል፤ ነገር ግን የሚከፈለው ዋጋ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በመዝገብ ላይ ተጽፎ ይቈያል።

በአምስተኛው እርምጃ ላስከር አንድ ጳጳሱን ሰጥቶ የጥቁሩን ፈረስ ወሰደ። ጥቁሩም ጳጳሱን በሌላ ጳጳስ በላ። ላዩን ሲታይ እኩል ለእኩል ልውውጥ ነው። ውስጡ ግን ሌላ ነገር አለ፤ የተወሰደው ፈረስ ጥቁሩ ንጉሥ ሊጠለልበት ያለውን የቀኝ ማዕዘን የሚጠብቅ ዋና ዘበኛ ነበር። ዘበኛው ከሄደ በኋላ በዚያ ማዕዘን ያለውን የመጨረሻውን ወታደር ከንጉሡ በቀር የሚጠብቀው አልነበረም።

በስድስተኛው እርምጃ ነጩ በመካከል ሁለተኛ ወታደር ገፋ፤ ጥቁሩ በላው፤ ነጩም በፈረሱ መልሶ በላና ፈረሱ በሰሌዳው መካከል ተተከለ። ወዲያው ሁለተኛው ፈረስ ወደ መካከል ወጥቶ ከወንድሙ ፊት ቆመ። በዚህ ጊዜ ቶማስ ንጉሡን ወደ ማዕዘኑ አስገብቶ ከግንቡ ጀርባ አስቀመጠው። ይህ ሁልጊዜ ደኅና የሚባል እርምጃ ነው። ላስከር ደግሞ የቀረውን ጳጳስ አውጥቶ፥ ዘበኛ ወደሌለው ወደዚያ ወታደር በሰያፍ አነጣጠረው። መንገዱን የጋረደው የራሱ ፈረስ ብቻ ነበር። በአሥረኛው እርምጃ ንግሥቲቱ ከቤትዋ ተነሥታ እስከ ሰሌዳው ዳር ገሠገሠችና በዚያው ወታደር ትይዩ ቆመች።

የታየ አደጋና ያልታየ አደጋ

እዚህ ላይ ቆም ብለን የቶማስን አሳብ መመርመር ይገባናል፤ የጨዋታው ትምህርት ያለው በዚህ ነውና።

ቶማስ አደጋውን አይቶታል። ነጩ ፈረስ የጥቁሩን ጳጳስ በልቶ «ቼክ» ቢል፥ የጳጳሱ መንገድ ይከፈታል፤ በሚቀጥለው እርምጃም ንግሥቲቱ በጳጳሱ ድጋፍ የማዕዘኑን ወታደር በልታ ማት ታደርጋለች። ስለዚህ ቶማስ ንግሥቲቱን በሁለተኛው ረድፍ ላይ አቆማት። አሳቡ እንዲህ ነበር፦ ነጩ ፈረስ ጳጳሱን ሲበላ፥ በንጉሡ ፊት ያለው ወታደር ፈረሱን መልሶ ይበላዋል፤ ያ ወታደር ከስፍራው ሲነሣ ረድፉ ይከፈትና ንግሥቲቱ የማዕዘኑን ወታደር ከጎን ትጠብቀዋለች። መልሱ ትክክለኛ ነው፤ የተጠየቀውን ጥያቄ በሙሉ ይመልሳል። ነገር ግን ላስከር የጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነበር።

በአሥራ አንደኛው እርምጃ ላስከር ንግሥቲቱን አነሣና የማዕዘኑን ወታደር በላባት። ንግሥት ማለት በሰሌዳው ላይ ካሉት ሁሉ ኀይለኛዋ ናት። በዚያች ደቂቃ ደግሞ ከኋላዋ የሚደግፋት አልነበረም፤ የጳጳሱን መንገድ የራስዋ ፈረስ ጋርዶት ነበርና። ጥቁሩ ንጉሥ ሌላ ምርጫ አልነበረውም፤ መሸሻውን ቤት ሁለተኛው ነጭ ፈረስ ይዞበታል። ንግሥቲቱን በገዛ እጁ በላት።

በዚህ ጊዜ ፈረሱ ዘሎ ጳጳሱን በላ። አንድ እርምጃ ሁለት «ቼክ» ሆነ፤ ንጉሡን ፈረሱ ራሱ ይመታዋል፥ ከፈረሱ ጀርባ የተገለጠው ጳጳስም ይመታዋል። ሁለት ጠላት ባንድ ጊዜ ሲመታ አንዱን ብቻ መብላት አይጠቅምም፤ ስለዚህ ቶማስ ያሰበው መልስ፥ ማለት ፈረሱን በወታደር መብላት፥ ሳይሠራ ቀረ። ንጉሡ መሄድ አለበት። ወደ ማዕዘኑ ቢመለስ ሁለተኛው ፈረስ በሚቀጥለው እርምጃ ማት ያደርገዋል። የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ ወደ ፊት፥ ወደ ሜዳው መውጣት።

የንጉሡ ስደት

ከዚህ በኋላ የሆነው ጨዋታውን ዝነኛ አድርጎታል። ፈረሱ መታው፥ ንጉሡ አንድ ረድፍ ወረደ። በዳር ያለው ነጭ ወታደር ሁለት ቤት ተገፍቶ መታው፥ ንጉሡ ሌላ ረድፍ ወረደ። ሁለተኛ ወታደር አንድ ቤት ተገፍቶ መታው፥ እንደ ገና ወረደ። ጳጳሱ ወደ ኋላ ተመልሶ መታው፤ ግንቡ አንድ ቤት ተነሥቶ መታው። ከማዕዘኑ ከተነሣ ጀምሮ ጥቁሩ ንጉሥ በሰባት እርምጃ ሰባት ረድፍ ወረደ፤ አንድም ረድፍ ሳይዘል፥ አንድም ጊዜ ወደ ኋላ ሳይመለስ፥ ከራሱ ቤት ተነሥቶ በጠላቱ የመጀመሪያ ረድፍ ላይ ደረሰ። የማረከው ንግሥቲቱን ብቻ ነበር።

በአሥራ ስምንተኛው እርምጃ ነጩ ንጉሥ ራሱ አንድ ቤት ወደ ፊት ፈቀቅ አለ። ፈቀቅ ሲል በሌላው ዳር ተኝቶ የነበረው ግንብ በረድፉ ላይ ተከፈተና ጥቁሩን ንጉሥ መታው። ማት ሆነ። ወታደሮቹ፥ ፈረሶቹ፥ ጳጳሱና ግንቦቹ ሁሉ ሥራ ሠርተው፥ የመጨረሻውን በር የከፈተው ንጉሡ ራሱ መሆኑ ሰውን ያስደንቃል። በዚያችው እርምጃ ንጉሡን በረጅሙ ወገን ወደ ግንቡ አስገብቶም ማት ማድረግ ይቻል ነበር። ከሁለቱ የትኛው ያምራል የሚለው ክርክር በተጫዋቾች መካከል እስከ ዛሬ አልተፈጸመም።

ጨዋታው እንከን የሌለው ነው አንልም። በአሥራ አራተኛው እርምጃ ላስከር የዳሩን ወታደር በመግፋት ፈንታ በንጉሡ አጠገብ ባለው ጳጳስ ፊት የነበረውን ወታደር ሁለት ቤት ቢገፋ ኖሮ፥ ጨዋታው ቢዘገይ በአሥራ ሰባተኛው እርምጃ ያልቅ ነበር። ዛሬ ማንኛውም የሰንጠረዥ ኮምፒዩተር ይህን በቅጽበት ያሳያል። ነገር ግን ጨዋታውን ሰው የሚወደው አንዲት እርምጃ ስለ ረዘመች አይደለም፤ ንግሥቲቱን በሰጠባት ደቂቃ ሰውየው ያን ሁሉ መንገድ በልቡ ስላየው ነው።

አሁን ሰሌዳውን መልሰን እንመልከት። ማት በሆነ ጊዜ ጥቁሩ ንግሥት፥ ሁለት ግንብ፥ አንድ ጳጳስና አንድ ፈረስ ነበሩት። ነጩ ንግሥት አልነበረውም። በመዝገብ ቢቈጠር ሀብታሙ ጥቁሩ ነው። ነገር ግን አንዱ ግንብና አንዱ ፈረስ ከተወለዱበት ቤት አልተነሡም፤ ንግሥቲቱም ንጉሥዋ ሲሰደድ ቆማ ታይ ነበር። ብዙ ሠራተኛ መኖሩ ብቻውን ሥራ አይሆንም፤ ሥራ ወደሚሠራበት ስፍራ የደረሰው ስንቱ ነው ተብሎ መጠየቅ አለበት። በመሥሪያ ቤት ያላችሁ ወጣቶች ይህን ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

ከማት በኋላ

ላስከር ከብዙ ዓመት በኋላ በጻፈው መጽሐፍ እንደ ተረከው፥ ጨዋታው ሲያልቅ ቶማስ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ተናገረው። ላስከር ስላልገባው ሌላ ሰው ተረጐመለት፤ ቶማስ ጨዋታው እጅግ ያማረ መሆኑን መናገሩ ነበር። ወጣቱ መሐንዲስ ተገረመ። እርሱ በለመዳቸው በበርሊን ቡና ቤቶች የተሸነፈ ሰው አሸናፊውን ዕድል ረዳህ እንጂ አላሸነፍህም ማለት ይቀናው ነበር።

እኛ ከአሥራ ስምንቱ እርምጃዎች ሁሉ ይህችን አሥራ ዘጠነኛይቱን እንወዳታለን። ቶማስ በገዛ ክበቡ፥ በገዛ ጓደኞቹ ፊት፥ በማይታወቅ እንግዳ እጅ፥ ንጉሡ እስከ ጠላት ቤት እየተነዳ ነው የተሸነፈው። በዚያች ደቂቃ ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ራሱ ነው። እርሱ ግን ስለ ጨዋታው ማማር ተናገረ። ይህን ለማድረግ የሚችለው ጨዋታውን ከራሱ ክብር አብልጦ የሚወድ ሰው፥ ማለት በእውነተኛ ትርጓሜው አማተር የሆነ ሰው ነው።

ይህ ሽንፈት ቶማስን ምን ጐዳው? በ1923 እና በ1934 የእንግሊዝ የሰንጠረዥ ሻምፒዮን ሆነ። በ1934 መጨረሻና በ1935 መጀመሪያ በሄስቲንግስ በተደረገው ውድድር የቀድሞውን የዓለም ሻምፒዮን ካፓብላንካንና ኋላ የዓለም ሻምፒዮን የሆነውን ቦትቪኒክን ሁለቱንም አሸንፎ፥ ከኤቨና ከፍሎር ጋር እኩል አንደኛ ወጣ። በባድሚንተን ከ1920 እስከ 1923 በተከታታይ አራት ጊዜ የመላው እንግሊዝን የነጠላ ውድድር አሸነፈ። ዛሬ አገሮች በባድሚንተን የሚወዳደሩበት የቶማስ ዋንጫ በስሙ የሚጠራው ዋንጫውን የሰጠው እርሱ ስለ ሆነ ነው። በ1972 በዘጠና አንድ ዓመቱ ሞተ።

ላስከርም ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ኑሮውን በመሐንዲስነት ቀጠለ። ለእናቶች ጡት ማለቢያ የሚሆን መሣሪያ ሠርቶ በዚያ ጥሩ ገንዘብ አገኘ፤ ይህ መሣሪያ ካለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ለመመገብ የሚረዳ ነበር። በ1923 ከአሜሪካው ሻምፒዮን ከፍራንክ ማርሻል ጋር ተጋጥሞ በአንድ ነጥብ ብቻ ተሸነፈ። በ1981 በዘጠና አምስት ዓመቱ በኒው ዮርክ ዐረፈ። ሰንጠረዥ ከሥራው አላወጣውም፤ ሥራውም ሰንጠረዡን አላስጣለውም።

ስለ እኛ ሰንጠረዥ ጥቂት ቃል

ይህ ጨዋታ በአባቶቻችን ሰንጠረዥ ሊደረግ እንደማይችል ማስታወስ ደግሞ ይገባል። በአገራችን በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት ይጫወቱት በነበረው ሰንጠረዥ በንጉሡ አጠገብ የሚቆመው ንግሥት ሳይሆን ፈርዝ ነው፤ ፈርዝም በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። በጳጳስ ፈንታ ያለው ፊል ደግሞ በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል እንጂ ከዳር እስከ ዳር አያነጣጥርም። ንግሥትና ጳጳስ ዛሬ ያላቸውን ረጅም ጉልበት ያገኙት በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአውሮፓ ነው። የእኛ ሰንጠረዥ የቀድሞውን ሕግ ጠብቆ ቈየ።

በአከፋፈቱም ቢሆን ልዩነቱ ሰፊ ነው። በእኛ ሰንጠረዥ መጀመሪያ «ወረራ» የሚባል ጊዜ አለ፤ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ የፈለጉትን ያህል ይራመዳሉ። እንግዲህ የንግሥት ወታደር አከፋፈት፥ የሆላንድ መከላከያ እየተባለ እርምጃ በእርምጃ የሚቈጠርበት መጽሐፍ በዚያ ስፍራ የለውም። በፈጻሜው ግን ሁለቱ ይገናኛሉ። አባቶቻችን ንጉሥን በግንብ ወይም በፈረስ ማት ማድረግን እንደ ታላቅ ጥበብ አይቈጥሩትም ነበር፤ በደካሞቹ፥ ይልቁንም በወታደሮች መያዙን ያደንቁ ነበር። ላስከር ኀይለኛዋን ሰጥቶ ንጉሡን በትንንሾቹ ማስነዳቱን ቢያዩ፥ ቶማስ እንዳደነቀ እነርሱም ባደነቁ ነበር ብለን እናምናለን።

ለተማሪዎችና ለወጣት ሠራተኞች

ስለ ምን ይህን ሁሉ ጻፍን? ከእኩዮቻችን መካከል «ፈተና አለብኝ፥ ፋይል ተከምሮብኛል፥ ለጨዋታ ጊዜ የለኝም» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ሌሎች ደግሞ ለጨዋታ ጊዜ አላቸው፥ ለመሸነፍ ግን ልብ የላቸውም። የሁለቱም በሽታ አንድ ይመስለናል። ማንም ሰው በሥራ ላይ ሲሳሳት ዋጋው ይከብዳል፤ ደብዳቤ ይጻፍበታል፥ ሰው ይጐዳበታል። በሰሌዳ ላይ ሲሳሳት የሚጠፋው አንድ የእንጨት ንጉሥ ነው፤ ትምህርቱ ግን ያው ነው። የታየውን አደጋ ከመለሱ በኋላ «ሌላስ የለም ወይ?» ብሎ አንድ ጊዜ መጠየቅ፥ ያላቸውን ሠራዊት ከቤት ማስነሣት፥ የበለጣቸውን ሰው ሥራ አይቶ «ያማረ ነው» ማለት፥ እነዚህን ሦስቱን ነገሮች በትንሽ ዋጋ የሚያስተምር ሌላ ትምህርት ቤት ማግኘት ያስቸግራል።

በሚመጣው እሑድ ከጓደኛችሁ ጋር ሰሌዳ ዘርጉ። ነጩን የያዘው የንግሥቲቱን ወታደር ሁለት ቤት ይግፋ። ከሁለታችሁ አንዳችሁ መሸነፋችሁ አይቀርም፤ የተሸነፈው እጁን ዘርግቶ የሚናገረውን ቃል አስቀድሞ ያስብበት።